አምቡላንስ መቼ ይጠራ? ከመደወል እስከ ሐኪም ቤት በር፣ ደረጃ በደረጃ

አጎቴ ቡና ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ሲኒው ከጣቶቹ መሀል ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ቀና ብለን ስናየው አፉ ወደ ግራ ጠሟል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። «ምች ነው» ተባለ። ዳማ ከሴ ተቆረጠ፣ ታሸ፣ ተጨመቀ። ጠጣና ተሸፋፍኖ ተኛ። ወደ ማታ ሐኪም ቤት ስንደርስ የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» የሚል ነበር። መልሳችንን ሲሰማ ዝም አለ። ስትሮክ ነበር። አጎቴ ዛሬም ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር በብዙ ቤት አይቻለሁ። ቤተሰብ ሲመካከር ሰዓቱ ይሄዳል። ሲደወልም አድራሻው ይምታታል። የሚከተለው ለነዚህ ሁለት ችግሮች ነው። አንዴ አንብባችሁ አትተዉት፤ ደረጃ 1ን ዛሬውኑ ሥሩት።

ደረጃ 1፦ ማንም ሳይታመም የሚሠራ ዝግጅት

1. ስልካችሁ ላይ እነዚህን ቁጥሮች መዝግቡ፦ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ፣ 991 ፖሊስ። «አምቡላንስ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉት። ልጆችና የቤት ሠራተኛዋም ያውቁት።

2. የወረዳችሁን ወይም የጤና ጣቢያችሁን አምቡላንስ ስልክ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ውጭ ይህ ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል። በገጠር የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ የግድ ነው፤ ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በእሷ በኩል ነው።

3. የግል አምቡላንስ ያለበት ከተማ ከሆናችሁ ዋጋውን አሁን ጠይቁ። በጭንቅ ሰዓት ዋጋ መከራከር አይቻልም።

4. የቤታችሁን አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የኛ ሰፈር በመንገድ ስም አይገኝም። ስለዚህ ከትልቁ ወደ ትንሹ ጻፉ፦ ሰፈር፣ ከዚያ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ቦታ፣ ከዚያ መታጠፊያው፣ ከዚያ የበሩ ምልክት። ለምሳሌ፦ «ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም፣ በዋናው በር ገብቶ ሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ቀኝ፣ ብሎክ 47፣ 3ኛ ፎቅ፣ ከሥሩ ዳቦ ቤት አለ።» «ከሱቁ ዝቅ ብሎ» አይበቃም። የትኛው ሱቅ?

5. ቤት ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ የሚወስደውን መድኃኒት ስም ጻፉ። ወረቀቱን ከሐኪም ቤት ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጡ። ፌስታሉ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ።

6. መኪና ያለው አንድ ጎረቤት ምረጡና ከአሁኑ ተነጋገሩ። «ሌሊት ብደውልልህ ታነሳለህ?» በሉት። ደረጃ 5 ላይ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 2፦ መወሰን

ሰው ሲታመም መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ፦ ትንፋሹን፣ ንቃቱን፣ ደሙን። ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ደውሉ። ሲጠሩት የማይነቃ ወይም በድንገት የሚቀባዥር ከሆነ ደውሉ። ደሙ ተጭነውት የማይቆም ከሆነ ደውሉ። አንዱ ብቻ ይበቃል። ሽማግሌ እስኪመጣ፣ ወንድምየው ከሥራ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ችግሩ ሦስቱም ደህና መስለው ሰውየው አደጋ ላይ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

*«ምች ነው» ወይም «ብርድ መታው» ሲባል።* ሦስት ነገር አሠሩት። ፈገግ ይበል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል? ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን፤ አንዱ እጅ ዝቅ ይላል? «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» በሉት፤ ቃሉ ይተሳሰራል? አንዱ ብቻ ከታየ ስትሮክ ነው ብላችሁ ደውሉ። ቶሎ ቢለቀውም ደውሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። ደም የረጋበትን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት፣ በሚገኝበት ሆስፒታል፣ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ዳማ ከሴም ቢሆን፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም አትስጡ። ስትሮኩ ደም በመፍሰስ የመጣ ከሆነ ያባብሰዋል።

*«ጨጓራዬ ነው» ሲል።* እኛ ዘንድ ደረት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ደረቱ መሀል እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ እጅ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለው ሕመም ግን የልብ ነው ተብሎ ይጠርጠር። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ሕመሙ ቀለል ብሎ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። አስቀምጡት፣ አታስኪዱት፣ ደረጃ አታስወጡት። ደውሉ። ለአስፕሪን አለርጂ ከሌለው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካልወሰደና የሚደማ ቁስል ከሌለው፣ ስልኩን ያነሳው ባለሙያም ከፈቀደ፣ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን ያኝክ።

*እርጉዝና ወላድ።* ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ደውሉ። ከወሊድ በፊት ደም ከታየም ደውሉ። ከወለደች በኋላ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት፣ ወይም የእንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ፣ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። «የወላድ ደም ነው፣ ያለ ነው» የሚለውን አትስሙ። እናት በደም መፍሰስ የምትሞተው በሰዓታት ውስጥ ነው። በግራ ጎኗ አስተኟት፣ አሙቋት።

*የከሰል ጭስ።* በክረምት ወይም ሌሊት ሲበርድ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የሚተኙ አሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካስመለሳቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ደውሉ። ወተት አጠጥቶ ማስተኛት ሕክምና አይደለም። የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ነው። ተሻለን ቢሉም ይሂዱ።

*የሚጥል በሽታ።* ሲጥለው ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ የመጀመሪያው ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆነች፣ ወይም ሲወድቅ ጭንቅላቱን ከመታ ደውሉ። ሕመሙ የታወቀ ሆኖ በሁለት ደቂቃ የለቀቀው ሰው አምቡላንስ ላያስፈልገው ይችላል። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱ። ጭሱ ለመተንፈስ የሚታገለውን ሰው ከማፈን ሌላ ጥቅም የለውም። ጥርሱ መሀል ማንኪያ አታስገቡ። እጁን አትጨብጡ።

*ሕፃን።* መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ሁሉንም የሚያስመልሰው፣ የተንቀጠቀጠ፣ የማይነቃ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ለነገ አይባልም፤ ደውሉ።

የቀረውን በአጭሩ፦ ፊት፣ እጅ፣ ብልት ላይ ያረፈ ወይም ሰፊ ቃጠሎ፤ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው፤ ከፎቅ የወደቀ፤ መኪና የገጨው፤ በረኪና፣ የአይጥ መርዝ ወይም ፀረ ተባይ የጠጣ፤ ጉሮሮው ላይ ምግብ የቀረበት። ሁሉም ይደወልላቸዋል።

አምቡላንስ የማይጠራው መቼ ነው?

የቆየ የወገብ ሕመም፣ የጥርስ ሕመም፣ ጉንፋን፣ መጠጣት የሚችል ሰው ላይ የመጣ ተቅማጥ፣ ቀጠሮ፣ መድኃኒት ማሳደስ፣ አስከሬን ማመላለስ። ለነዚህ ታክሲ፣ ራይድ ወይም የዘመድ መኪና ይበቃል። ልጆች በስልክ እየተጫወቱ 907 ሲነኩም ዝም አትበሉ። የአንድ ከተማ አምቡላንስ ቁጥር ውስን ነው፤ ለቀልድ የወጣው መኪና በዚያው ሰዓት ደም ከሚፈሳት እናት ይቀራል። ከተጠራጠራችሁ ግን ደውሉ። ስልኩን ያነሳው ሰው ጠይቆ ይወስን። በጥርጣሬ ደውሎ «አያስፈልግም» መባል ነውር አይደለም።

ደረጃ 3፦ መደወል

1. አንድ ሰው ብቻ ይደውል። «አንድ ሰው ይደውል» ብላችሁ ለሕዝቡ አትጩሁ፤ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። በስም ጥሩት፦ «አቤል፣ አንተ 907 ደውል፤ ሲያነሱ ንገረኝ።»

2. ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉት። እጃችሁ ለታማሚው ነፃ ይሁን።

3. መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ይታወቃል። በሩ ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት አንብቡ።

4. ከዚያ የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር፦ «የ60 ዓመት ሰው ነው። ከ20 ደቂቃ በፊት አፉ ጠመመ፣ ቀኝ እጁ አልታዘዘውም። ይተነፍሳል፣ ነቅቷል።» የሰውየውን ታሪክ ከልጅነቱ አትጀምሩ። አታልቅሱም አልልም፤ ማልቀስ ያለ ነው። ግን መናገር ያቃተው ሰው ስልኩን ለሌላ ይስጥ።

5. ስልክ ቁጥራችሁን ስጡ። ሾፌሩ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የሚደውለው ለእናንተ ነው። ስለዚህ ለአክስት፣ ለእህት፣ ለውጭ አገር ዘመድ እየደወላችሁ መስመሩን አትያዙ። ለዘመድ በሌላ ስልክ ይነገር።

6. «ዝጉ» እስኪሏችሁ አትዝጉ።

*ካልተነሳስ?* ሦስት ጊዜ ሞክሩ። ከዚያ 939። በተመሳሳይ ሰዓት ሌላ ሰው የወረዳውን ወይም የግሉን አምቡላንስ ይሞክር። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ሰገነት ወይም ወደ መንገድ ውጡ። ካርድ ካለቀባችሁ አትሸበሩ፤ አጭር ቁጥሩ ነፃ መስመር ነው።

ደረጃ 4፦ እስኪመጣ

ሥራ ከፋፍሉ። አንዱ ታማሚው ጋ ይቆይ። አንዱ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቅ፤ ማታ ከሆነ የስልክ መብራት ያብራ፣ ነጭ ነጠላ ያውለብልብ። አንዱ የግቢውን በር ያስከፍት፣ ዘበኛውን ያስጠንቅቅ፣ መግቢያውን የዘጋ መኪና ያስነሳ። ብዙው ኮንዶሚኒየም ሊፍት ስለሌለው አራት ጠንካራ ጎረቤቶች አዘጋጁ፤ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ጄሪካንና ብስክሌት አንሱ። የቀረው ሰው ይበተን። ለታማሚው ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል።

*የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ* መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። የመዳፋችሁን ሥር ደረቱ መሀል አድርጉ፣ ሌላውን እጅ በላዩ ደርቡ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ ተጫኑ። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ይደክማችኋል። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ እንጂ አታቋርጡ። ፍራሽ ላይ አይሠራም።

*የማይነቃ ግን የሚተነፍስ ከሆነ* በጎኑ አስተኙት። ቢያስመልሰው ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃ አትርጩበት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ነቅቶ ላብ በላብ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ካልነቃ በፍጹም።

*ደም* በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት። 10 ደቂቃ ሙሉ፣ ገለጥ አድርጋችሁ ሳታዩ። ጨርቁ ከራሰ አታንሱት፤ ሌላ ደርቡበት። የተፈጨ ቡና አትነስንሱ።

*ቃጠሎ* ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ። ውሃ የለም የሚባልበት ቀን ይኖራል፤ ከበርሜል በጆግ እየቀዳችሁም ቢሆን። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ።

*በረኪና ወይም መርዝ* የጠጣን ሰው አታስመልሱት። ሲወጣም ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

*ጉሮሮው የተዘጋ* ሰው መናገርና መሳል ካልቻለ ወደፊት አጎንብሱትና ትከሻው መሀል 5 ጊዜ በመዳፋችሁ ሥር ምቱ። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእንብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን ላይ ሆድ መጫን አይፈቀድም፤ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ደረቱን በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኑ።

*መኪና የገጨውን ሰው* አንስታችሁ ባጃጅ ላይ አትጫኑ። ደግነት ነው፤ ግን አንገቱ ወይም አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ ያ አነሳስ ዕድሜ ልኩን አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ጭንቅላቱን በሁለት እጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ «አትንቀሳቀስ፣ አለሁ» በሉት። ከኋላ መኪና እንዳይመጣበት መንገዱን ዝጉ። እሳት ካለ ወይም መንገዱን መዝጋት ካልተቻለ ብቻ አንቀሳቅሱት። የሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ «ማን ይከፍላል» ብላችሁ አትዘግዩ።

ደረጃ 5፦ ካልመጣ

እውነቱን እንነጋገር። አንዳንዴ አይመጣም፣ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ ይዘገያል። 10 ደቂቃ ሲሞላ ደግማችሁ ደውሉና «የት ደረሰ?» በሉ። «ገና አልወጣም» ካሉ መወሰን አለባችሁ።

በራሳችሁ መኪና መውሰድ ያለባችሁ እነዚህን ነው፦ ደም የሚፈሳት ወላድ፣ ስትሮክ፣ የደረት ሕመም፣ መርዝ የጠጣ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን። ለነሱ መዘግየት ከመንገዱ እንግልት ይከፋል። ከፎቅ ለወደቀና መኪና ለገጨው ሰው ግን ትንፋሹ ደህና እስከሆነ ድረስ አምቡላንሱን ጠብቁ። የግድ ከሆነ በጠንካራ ጣውላ ወይም በበር ሳንቃ ላይ፣ አራትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ፣ በአንድ ቆጠራ አንሱት። የማይተነፍስን ሰው ደረቱን መጫን ትታችሁ መኪና ፍለጋ አትሩጡ።

የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት፤ አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ። ትንፋሽ ያጠረውን ግን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስትወጡ ለአምቡላንሱ ደውላችሁ «ወጥተናል» በሉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ መኪናው ባዶ ቤት ሲፈልግ ሌላ ሰው ይጎዳል።

የት ትሄዳላችሁ? ወደ ቅርቡ የድንገተኛ ክፍል። ወደሚያውቁት ዶክተር ለመድረስ ከተማ አታቋርጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ለከባድ የአደጋ ጉዳት የአቤት ሆስፒታል አለ፤ ሰውየው መንገድ የማይችል ከሆነ ግን ቅርቡ ጤና ጣቢያ ደሙን አቁሞ፣ ግሉኮስ ተክሎ፣ ሪፈር ጽፎ ይልካችኋል። ባዶ እጅ ከመድረስ በሪፈር መድረስ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ማስረከብ

ለአምቡላንስ ባለሙያው ወይም ለድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም አምስት ነገር ንገሩ፦ ምን ሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሰጣችሁት፣ ምን በሽታ አለበት፣ ለምን መድኃኒት አለርጂ አለው። የባህል መድኃኒት ከሰጣችሁ አትደብቁ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ለታማሚው ይጠቅማል።

አብሮ የሚሄደው አንድ ሰው ይሁን። ታሪኩን የሚያውቀው፣ ጩኸት የማያበዛው። ፌስታሉን፣ ቻርጀርና ጥቂት ብር ይያዝ። ሌላው ካርድ ክፍል ለመሮጥ በሌላ መኪና ይከተል።

ዘመድ ውጭ አገር ካለ

አሜሪካ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998፣ ሳዑዲ 997፣ ሊባኖስ 140። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ካለቻችሁ ዛሬ መልእክት ላኩላት። የሕንፃውን ስምና ቁጥር በዓረብኛ የተጻፈበትን ምልክት ፎቶ አንስታ ስልኳ ላይ ታስቀምጥ። ቋንቋው ቢያቅታት ፎቶውን ለጎረቤት ወይም ለሕንፃው ጠባቂ አሳይታ ታስደውላለች። «እኔ ራሴ ነኝ የታመምኩት» የሚለውንም ደህና ሳለች በዓረብኛ ትልመድ።